ዓሣ ለማጥመድ የሚገባው ዕቃና የሚገባው ጊዜ

ከላስታ ገነተ ማርያም አንድ አባት ለዚህ ለቤተ ሰብ ገጻችን ደብዳቤ ጽፈዋል። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሳያገኝ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ ታናሹ ገና ተማሪ ነው። ታላቁ ከጓደኞቹ አፍ ሰምቶ «አባባ፤ በነሐሴ በጕማራ ወንዝ አፍ ላይ ዓሣው እንደ ጎርፍ ይመጣል አሉ፤ መረብ ይግዙልኝና ወርጄ ዕድሌን ልሞክር» አላቸው። ታናሹም «ለእኔስ መረብ አልፈልግም፤ አንድ መንጠቆና ክር ይበቃኛል፤ ብቻ ከወንድሜ ጋር ይስደዱኝ» ብሎ ለመነ። አባትየውም «ለመረቡ መግዣ አንድ በሬ ለመሸጥ አስቤአለሁ። ነገር ግን በተራራ ላይ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ የውሃን ነገር አላውቅም። የትኛው ዕቃ ለየትኛው ዓሣ እንደሚሆን፣ በሬዬንም ብሸጥ የማልጸጸት እንደ ሆነ ንገሩኝ» ሲሉ ጠይቀውናል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ መልሱን በአደባባይ ለመጻፍ ወደድን። በሬ ለገበሬ ቀኝ እጁ ነውና በጥንቃቄ ልንመልስ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ውሃው

ገነተ ማርያም በላስታ ምድር ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች፣ ውስጧም በጥንት ሥዕል ያጌጠ፣ በ1270 የነገሡት የዐፄ ይኵኖ አምላክ መታሰቢያ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ያለችበት አገር ናት። ያ አገር የድንጋይና የገብስ አገር እንጂ የዓሣ አገር ሆኖ አይታወቅም። ሆኖም ታላቁ የተከዜ ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። በበጋ ወራት ምንጮቹ ደክመው በጠጠር መካከል ይሾልካሉ፤ በክረምት ደግሞ ድንጋይ ያንከባልላሉ። ስለዚህ በምንጩ አካባቢ ቁም ነገር የሚሆን ዓሣ እናጠምዳለን ማለት ተስፋን ማብዛት ነው።

ከገነተ ማርያም የሚነሣ ሰው ዓሣ የሚያገኝባቸው ሦስት ውሃዎች አሉ። አንደኛው ራሱ ተከዜ ወደ ቆላ ወርዶ ከተገደበ በኋላ የሆነው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሆኖ በ2009 ተጠናቀቀ፤ ከዚያም ወዲህ በዋግ ኽምራ በኩል ያሉ ብዙ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ በማስገር ይተዳደራሉ። ሁለተኛው በደሴ አቅራቢያ ያለው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኝበት የሐይቅ ባሕር ነው። ሦስተኛውና ታላቁ ጣና ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከላስታ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ የጕማራን ድልድይ ይሻገራል። ልጁ የሰማው የነሐሴ ወሬም የዚህ የጕማራ ወሬ ነው።

ስለ ዓሣው ጠባይ

ዕቃ ከመግዛት በፊት ዓሣውን ማወቅ ይገባል። የበቅሎን ኮርቻ ለግመል የሚገዛ የለምና።

በአገራችን ሐይቆች በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ነው። አካሉ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በጀርባው ላይ እሾህ የተሰለፈበት፣ አፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ ነው። የሚመገበውም በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። የዚህ ዓሣ ወላጅነት የሚያስደንቅ ነው። ወንዱ በጥልቀት አነስተኛ በሆነ ዳርቻ ላይ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቲቱም ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለቅማ በአፏ ውስጥ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ። እናቲቱም በአፏ ልጆች ይዛ ባለችበት ጊዜ ከመመገብ ትታቀባለች።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም ያለው ረጅም ጢም አለው፤ በጭቃ ውስጥ በሌሊት እየዳሰሰ ይመገባል። ከውሃ ውጭም አየር ስለሚስብ ቶሎ አይሞትም። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ብዙ ክርስቲያኖች አይበሉትም፤ ገበያ ግን አለው።

ሦስተኛው በጣና ዳር ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው። ባለ ቅርፊት፣ ረዘም ያለ፣ ኀይለኛ ዋናተኛ ነው። አንድ ዓሣ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹን ገልጾ ጽፎ ነበር። በኋላም የሆላንድ ሊቃውንት ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ለብዙ ዓመታት መርምረው በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ 15 ዓይነቶች እንዳሉ አስታወቁ። ከእነዚህም እኩሌቶቹ ያህል ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ መሆናቸው በዓለም የዓሣ ሊቃውንት ዘንድ እንደ ድንቅ ተቆጥሯል።

ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ዋናው ነገር ግን የነጭ ዓሣው የክረምት ጉዞ ነው። ከእነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ በጕማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉትም ጥርት ያለ፣ ፈጥኖ የሚወርድ፣ ከሥሩ ጠጠር ያለበት ትንሽ ገባር ነው። በዚያም ዕንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ጥለው ይመለሳሉ። እንግዲህ ልጁ «እንደ ጎርፍ ይመጣል» ያለው ዓሣ ለመብላት የመጣ ዓሣ አይደለም፤ ለመውለድ የመጣ ነው።

በሩቅ አገር ስላለው የሳልሞን ዓሣ

ይህ ጠባይ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በታላቁ የጸጥታ ውቅያኖስ፣ በጃፓን፣ በመስኮብ፣ በካናዳና በአላስካ ዳርቻ ቸም ሳልሞን የሚባል ዓሣ አለ። በወንዝ ተወልዶ ገና ጫጩት ሳለ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል በባሕር ከተመገበ በኋላ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። ወደ ወንዝ ሲገባ መልኩ ይለወጣል፤ ጎኑ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ መስመር ይዥጎረጎራል፤ የወንዱም ጥርስ እንደ ውሻ ጥርስ ይወጣል። ሴቲቱ ከ2,000 እስከ 4,000 የሚሆን ዕንቁላል በጠጠር ውስጥ ቀብራ ከጥቂት ቀን በኋላ ትሞታለች፤ ወንዱም እንዲሁ። የእኛው ነጭ ዓሣ ግን ወልዶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ዕድሜ ከተሰጠውም በሌላ ዓመት እንደ ገና ይወጣል።

ሳልሞንን በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች ለዕቃቸው ብዙ ይጠነቀቃሉ። ዓሣው ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ስለሚተው በምግብ ማባበል አያዋጣም፤ ስለዚህ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብሩህ ነገር በፊቱ እያሳለፉ ያስቈጡታል፤ እርሱም ተቈጥቶ ይነክሳል። ዘንጋቸው ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር፣ ክራቸውም እስከ 9 ኪሎ ግራም የሚችል ነው፤ ዓሣው ኀይለኛ ስለ ሆነ ቀጭን ክር ይበጥሳል። ብዙዎቹም ዕንቁላል ያዘለች ሴት በተያዘች ጊዜ ሳይጐዷት መልሰው ለመልቀቅ ነጠላ መንጠቆ ይመርጣሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም አደጋ አልቀረላቸውም። በአላስካ ዩኮን በሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ሳልሞን እያደረቁ ለክረምታቸው ስንቅ ያደርጉ ነበር። በ2021 የተመለሰው ቸም ሳልሞን እጅግ አነሰና ለቤት ምግብ እንኳ እንዳይያዝ ተከለከለ። ለዚህም የባሕሩ መሞቅ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። አንድ ወንዝ ሲራቆት በዳሩ ያለው ቤት ሁሉ ማጀቱ ይራቆታል ማለት ነው።

ለታናሹ ልጅ፤ ስለ መንጠቆና ክር

ታናሹ የመረጠው ዕቃ ጥሩ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ጴጥሮስ ግብሩን ለመክፈል የታዘዘው መንጠቆ እንዲጥል ነበር፤ አንድ ዓሣ ብቻ ያዘና በቃው። የመንጠቆ አጥማጅ የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ዘንግ፤ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሜትር የሚሆን፣ በጥላ የደረቀ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ይበቃል። በፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ጫፉ ቀጭንና የሚታጠፍ፣ መያዣው ወፍራም ይሁን። ገንዘብ ያለው ሰው የክር መጠቅለያ ያለውን የፋብሪካ ዘንግ ሊገዛ ይችላል፤ ለጀማሪ ልጅ ግን ቀርከሃው እጁን ያስተምረዋል።

ክር፤ የናይሎን ክር በሚችለው ኪሎ ይለያል። ለቆሮሶ ከ2 እስከ 4 ኪሎ የሚችል፣ ለነጭ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ኪሎ የሚችል፣ ለትልቅ አምባዛ ከ10 ኪሎ የማያንስ ይሁን። ወፍራም ክር ሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ በጠራ ውሃ ዓሣው ወፍራሙን ክር አይቶ ይሸሻል። ፀሐይ የመታውና የተፋቀ ክር ደግሞ በሚያስፈልግበት ቀን ይከዳልና በየጊዜው መለወጥ ይገባል።

መንጠቆ፤ የመንጠቆ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ እንደሚሄድ ገዢው ይወቅ፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ለቆሮሶ ትንሽ አፍ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ለነጭ ዓሣ ከቁጥር 2 እስከ 6 ያለው ይስማማል። ለአምባዛ ትልልቁንና ወፍራሙን መምረጥ ነው። ወደ ኋላ የዞረውን የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት መልካም ነው፤ መንጠቆው ከሚለቀቅ ዓሣ አፍ፣ እንዲሁም ከልጅ ጣት በቀላሉ ይወጣል።

ተንሳፋፊና እርሳስ፤ አንድ ቁራጭ ቡሽ በክሩ ላይ ታስሮ ሲንሳፈፍ ዓሣው መንካቱን ይናገራል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የሚታሰር ትንሽ እርሳስ ደግሞ መንጠቆውን ወደ ታች ያወርደዋል። እርሳሱ ቡሹን ሊያሰጥም እስኪቃረብ ድረስ ብቻ ይከብድ፤ ያን ጊዜ ዓሣው ቡሹን ሲስብ ክብደት አይሰማውም።

ማባበያ፤ ለቆሮሶ በደንብ የታሸ የስንዴ ሊጥ ወይም የመሬት ትል፣ ለነጭ ዓሣ የመሬት ትል፣ ወይም የማንኪያ ቅርጽ ያለው የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ለአምባዛ የጉበት ወይም የሥጋ ቁራጭ ይሆናል። ማባበያው መንጠቆውን ይሸፍን፤ ነገር ግን ጫፉን አያደንዝዘው።

ቋጠሮ፤ ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው በቋጠሮ ነው። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፎ በራሱ በክሩ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ከዚያም ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረው ዙር ውስጥ አሳልፎ፣ በምራቅ አርጥቦ፣ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። ሳይረጥብ የተሳበ ናይሎን በራሱ ግለት ይደክማል።

ስለ አጣጣል

ጥዋት ፀሐይ ሳትበረታና ወደ ማታ ስታዘነብል ማጥመድ ይሻላል። ጥላን በውሃ ላይ አለመጣል፣ ዳር ለዳር እየዘለሉ አለመሄድ ያስፈልጋል፤ ዓሣ የምድርን መንቀጥቀጥ ይሰማልና። ቆሮሶን ለመያዝ በሸምበቆና በደንገል ዳር፣ ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር በሆነ ቦታ መጣል ነው። ቡሹ ትንሽ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ መታገሥ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰጥም ግን በእጅ አንጓ ብቻ ቶሎ ማንሣት ይገባል። በክንድ ሙሉ የሚመነጭቅ ሰው የዓሣውን ከንፈር ይቀድዳል።

ነጭ ዓሣ ግን በሚያብለጨልጭ ብረት ሲጠመድ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። ብረቱን አርቆ ጥሎ፣ እንደ ቈሰለ ትንሽ ዓሣ አንድ ጊዜ እየፈጠኑ አንድ ጊዜ እያዘገሙ መሳብ ነው። ዓሣው ሲይዝ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ክሩን ሳያላሉ፣ ሲሮጥ እየለቀቁለት፣ ሲደክም እየሳቡ ወደ ዳር ማምጣት ያስፈልጋል። ከላላ ክር ላይ መንጠቆ ይወልቃል፤ ከሚገባው በላይ ከተወጠረ ክር ላይ ደግሞ ዓሣው ይበጥሳል። የማጥመድ ጥበብ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ትንሽ ዓሣ ወይም ዕንቁላል ያዘለች ሴት የተያዘች እንደ ሆነ መልሶ መልቀቅ ነው። እጅን አስቀድሞ በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ አካሉን ከበሽታ የሚጠብቅለት ልፋጭ ይገፈፍበታል። ለመብላት የሚያዘውን ደግሞ ሳያሰቃዩ ወዲያው በራሱ ላይ መትቶ መግደል የጨዋ አጥማጅ ደንብ ነው።

ለታላቁ ልጅ፤ ስለ መረብ

አሁን ወደ በሬው ነገር እንመለስ። መረብ በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ሐዋርያትም መረብ ጣዮች ነበሩ። ነገር ግን መረብ በሁለት ነገር ይመዘናል፤ በዐይኑ ስፋትና በሚጣልበት ጊዜና ቦታ።

ቆሞ የሚያጠምደው መረብ የሚይዘው እንዲህ ነው። ዓሣው ራሱን በመረቡ ዐይን ውስጥ ያስገባል፤ ሰውነቱ አላሳልፍ ሲለው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ክሩ በሥንጥቡ ውስጥ ይገባና አንቆ ይይዘዋል። ዐይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንንሹን አሳልፎ ትልልቁን ይይዛል፤ ዐይኑ ጠባብ የሆነው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደውን ሁሉ ይጠርጋል። ከዚህም ሌላ ሞኖፊላመንት የሚባል፣ በውሃ ውስጥ የማይታይ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መረብ በጣና ተበራክቷል። ቶሎ ስለሚቀደድ ብዙዎች እዚያው ውሃ ውስጥ ይጥሉታል፤ የተጣለውም መረብ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን አይተውም።

የጣና ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በጥንት ዘመን በጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት የወይጦ ሰዎች ነበሩ፤ ከዳርቻ ርቀው ስለማይሄዱ የሚይዙት በልክ ነበረ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ብዙ ሰው እንጀራ አገኘ፤ ባሕር ዳርም ዓሣ ጠገበች። ነገር ግን አጥማጆቹ ነጭ ዓሣው በክረምት በወንዝ አፍ እንደሚሰበሰብ ዐወቁና መረባቸውን እዚያ ዘረጉ። በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገው ምርመራ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ። ከዚህም በላይ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ማውጣት፣ ለመስኖ ውሃውን መጥለፍ፣ በርብ ላይም የተሠራው ግድብ የመውለጃውን መንገድ አጠበቡት። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተዘርግቶ ጀልባንና መረብን ያስቸግራል።

ከመረብም የሚከፋ አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ የብርብራን ፍሬ ፈጭተው ወደ ወንዝ ይጨምራሉ፤ ዓሣውም ትንፋሹ ተይዞ ይንሳፈፋል። የሚፈልጉት አሥር ትልልቅ ሆኖ ሳለ ሺህ ትንንሽ ይሞታሉ። ይህ ማጥመድ አይባልም፤ የውሃውን ቤት ማቃጠል ነው።

ስለዚህ ለገነተ ማርያሙ አባት የምንመልሰው ይህ ነው። ጌታዬ፤ በነሐሴ በጕማራ አፍ ላይ ለሚዘረጋ መረብ በሬዎን አይሽጡ። በመጀመሪያው ዓመት ልጅዎ ብዙ ይይዝ ይሆናል፤ የሚይዘው ግን ዕንቁላል ያዘለችውን ነው። እርስዎ ያረገዘች ላም አርደው ያውቃሉን? ለዘር ያስቀመጡትንስ ገብስ በሐምሌ ፈጭተው በልተው ያውቃሉን? በችግር ቀን እንኳ የላስታ ገበሬ ዘሩን በጎታ ደብቆ ተርቦ ያድራል። የወንዙም ነገር እንደዚሁ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መረቡ ባዶውን ይወጣል፤ ያን ጊዜ በሬውም የለም፤ ዓሣውም የለም።

ልጅዎ በዚህ ሥራ ለመኖር ቈርጦ የተነሣ እንደ ሆነ ግን መንገድ አለው። ብቻውን በተገዛ ርካሽ መረብ ከሚጀምር ይልቅ በተከዜ ግድብ ሐይቅ ወይም በጣና ካሉት የአጥማጆች ማኅበራት ወደ አንዱ ገብቶ አንድ ዓመት በሥራው ላይ ይማር። ጀልባና በረዶ ቤት ለብቻ የማይቻል ዕዳ ነው፤ በማኅበር ግን ይቻላል። በ1995 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ፈቃድ ማውጣትና የተፈቀደውን የመረብ ዐይንና የተከለከለውን ወር ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ሰፊ ዐይን ያለው መረብ ለመግዛት የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ በሬው ደግመው ይምከሩ።

ስለ ልጆች ደኅንነት

የተራራ ልጅ ዋና አያውቅምና ወላጆች ይጠንቀቁ። የክረምት ወንዝ በላይ አገር በዘነበው ዝናብ ባልታሰበ ሰዓት ይሞላል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። የሐይቅ ባሕር ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ጥልቅ ይሆናል። በጣና ጉማሬ፣ በተከዜ ቆላ ደግሞ አዞ አለ። በጣና ዳርቻም ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ስላለ ረግረግ ውስጥ በባዶ እግር ቆሞ መዋል አይገባም። አዋቂ ሳይኖር ልጅ ብቻውን ወደ ውሃ አይሂድ።

ለቤት እመቤቶች

ዓሣ እንደ ሥጋ ቀን አይጠብቅም፤ በቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ይበላሻል። ስለዚህ እንደ ተያዘ ሆዱን ከፍቶ ማውጣት፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ በጥላ ማኖር ይገባል። በገበያ የሚገዛም ሰው ዐይኑ ያልደፈረሰውን፣ ሥንጥቡ ቀይ የሆነውን፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሣውን ይምረጥ። ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ በቢላዋ ጀርባ መፋቅ ነው። ነጭ ዓሣ በሥጋው ውስጥ እንደ ባላ የተከፈሉ ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ጎኑን በጥብቅ ተርትሮ በሎሚና በጨው አሽቶ በዘይት በደንብ መጥበስ ይሻላል፤ ለሕፃናት ግን አጥንቱ የሚቀለውን ቆሮሶ መስጠት ነው። ቆሮሶ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ቢሠራ፣ ወይም ሥጋው ተከትፎ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ቢታመስ ማለፊያ ይሆናል።

በጾም ወራት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ የዓሣ ገበያ እንደሚደራ የታወቀ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉም አይበላም የሚሉም አሉ፤ በዚህ ነገር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የንስሐ አባቱን ጠይቆ መጽናት ነው እንጂ ከጎረቤት ጋር መከራከር አይጠቅምም።

ማጠቃለያ

ለታናሹ ልጅ አንድ ምክር ቀርቶናል። የትምህርት ቤቱ ረጅም ዕረፍት በክረምት መሆኑን እናውቃለን፤ ዓሣውም የሚወልደው በክረምት ነው። እንግዲህ ክረምቱ የዝግጅት ወር ይሁንለት። ቀርከሃውን ቈርጦ በጥላ ያድርቅ፤ ቋጠሮውን በጨለማ እስኪያስር ድረስ ይለማመድ፤ ቡሹን ይቅረጽ። አባቱም ቢችሉ በመስከረም፣ ዝናቡ ሲቀንስና ገባሮቹ ሲጠሩ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ያለ መንጠቆና ያለ መረብ ወደ ጕማራ ላይኛው ገባር ይውሰዷቸው። ዓሣው በጠጠሩ ላይ ሽቅብ ሲታገል፣ ጀርባው ከውሃው በላይ ሲታይ፣ ወድቆ ዳግመኛ ሲነሣ በዐይናቸው ይዩ። ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ወይም በጥር፣ ዓሣው ወልዶ ወደ ሐይቁ በተመለሰ ጊዜ፣ ታናሹ ዘንጉን ይዞ ይሂድ። አንድም ይያዝ ሁለት፣ ያ ዓሣ በገነተ ማርያም ገበታ ላይ ሲቀርብ ልጁ ለእናቱ የሚነግረው ታሪክ ይኖረዋል።

ታላቁም ወንድሙ ከዚያ ጠጠር ዳር ቆሞ የሚያየው ነገር ከእኛ ከብዙ ቃል ይልቅ ያስተምረዋል ብለን እናምናለን። አባቶቻችን ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል። በጕማራ ጠጠር ውስጥ ያለው ዕንቁላል እንኳን በእግሩ፣ በክንፉም ይሄዳል፤ ብቻ ጥቂት ወራት ይታገሡት።